ለአረንጓዴው መብራት ሻጭ፣ ከወገዳው ዳገት ሥር የተላከ ምስጋና

ለተከበሩ የ«ብርቱ ሞተር» የኢንተርኔት መደብር ባለቤት፣ ራስዎን «የሞተር ሐኪም» ብለው ለሰየሙት ጌታ፤
ባሉበት

ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ በተለይም የመኪናዎን የፍሬን ጥንካሬ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከወገዳ ወደ መካነ ኢየሱስ ሰው የምጭን የአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ባለቤትና ሹፌር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ከቴሌግራም ቻናልዎ ስላስወጡኝ፣ እርስዎን የማገኝበት ሌላ በር አጥቼ ነው።

ደንበኛዎ ብዙ ነውና ላስታውስዎ። በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የምትሰካ፣ የሞተሩን ጉልበት በሲሶ የምትጨምር፣ ነዳጅም የምትቆጥብ ብለው ያስተዋወቋትን ትንሽ ዕቃ ከእርስዎ ገዝቻለሁ። ዋጋዋ ርካሽ፣ ቪዲዮዋ ያማረ ነበር። ስለ ውለታዎ ማመስገን ያለብኝ በተራ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አረንጓዴው መብራት። ዕቃዋን እንደሰካኋት ቦግ ብሎ በራ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየው፤ እኔም ሞተሩ ድምፁ የተለወጠ መሰለኝ። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ከተማ ይህን ማምጣትዎ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ዳገታችን። በእኛ መንገድ ሰው የጫነ መኪና ዳገቱ ሥር ሲደርስ ይቆማል። ከነፍሰ ጡርና ከአቅመ ደካማ በቀር ሁሉም ወርዶ በእግሩ ይወጣል፤ አንድ ሰው ደግሞ ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማው ጎን ይራመዳል፤ መኪናዋ ካቅማማች ታኮ ያደርግላታል። በእኔ ሚኒባስ ይህን የሚያደርጉት ጎረቤቴ አቶ አበጀ ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ድንጋዩን ራሳቸው መርጠው ዳገቱ ሥር አስቀምጠውታል፤ ከገበያ ሲመለሱም ቦታው ላይ ይመልሱታል።

በዚያ ቅዳሜ ግን እኔ የእርስዎን ቪዲዮ ያየሁ ሰው ነበርሁ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ዝግ አልሁ እንጂ አላቆምሁም፤ ማንም እንዳይወርድም ተናገርሁ። አቶ አበጀ ከኋላ ወንበር፣ «ደምሌ፣ ድንጋዩን ልያዝ ወይስ ልተወው?» ብለው ጠየቁኝ። ይተዉት ጋሼ፣ ዛሬ ጉልበት አላት አልኋቸው። እኔ እርስዎን እንዳመንሁ እሳቸውም እኔን አመኑኝ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። ፍሬኑ ያን ሁሉ ሰው መያዝ አቃተውና ሚኒባሷ ወደ ኋላ፣ ከመንገዱ ጎን ወዳለው ገደል መንሸራተት ጀመረች። አቶ አበጀ በሩን ከፍተው ዘለሉ፤ ከመንገዱ ዳር ያገኙትን ድንጋይ አንስተው ከጎማው ሥር ወሸቁ። መኪናዋ ቆመች፤ ሰው ሁሉ ተረፈ። የአቶ አበጀ ቀኝ እጅ ግን በጎማውና በድንጋዩ መካከል ተይዞ ጣቶቻቸው ተሰባበሩ። አረንጓዴው መብራት በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አልጠፋም፤ ስለ ጥራቱ በማንኛውም ቦታ ልመሰክርልዎ ዝግጁ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፈጣን ምላሽዎ። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ስልክልዎ፣ አሮጌ ሞተር አንድ ዕቃ ስለማይበቃው ሁለተኛ እንድጨምርና ለእርሷም ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ ገለጹልኝ። ስለ ሰውዬው እጅ የሚጠይቅ አንድ ቃል ፈልጌ መልእክትዎን ደጋግሜ አነበብሁት፤ አጣሁ። ከዚያ ዕቃዋን በካቻቪቴ ፈለቀቅኋት። ውስጧ አንዲት ትንሽ አምፖልና ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻ አሉ፤ ሽቦዎቹም ከአምፖሉ አልፈው የትም አይሄዱም። ከቻናልዎ የተሰናበትሁት ይህንኑ ፎቶ አንስቼ በላክሁ ጊዜ ነው።

ተናድጃለሁ፤ በጨዋ ቃል ልሸፍነው ሞክሬ አቅቶኛል። ሞተሬ የፈለገው አዲስ ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ነበር፤ ይህንንም አውቅ ነበር። እርስዎ የሸጡልኝ ያንን ለመርሳት የሚያበቃ ተስፋ ነው።

የአቶ አበጀን ገብስ ጎረቤት ተሰብስቦ አጨደላቸው። እሳቸው የተጠቀለለ እጃቸውን በጋቢ ሸፍነው ከማሳው ዳር ተቀምጠው ያዩ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጠጋ ቀደሙኝ። «አንተ ተወው ብትለኝም ድንጋዩን መያዝ ነበረብኝ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ማንም እኔን አይጠይቅም፤ በቅጡ ሳልቆም በሩን ከፍተው ይወርዳሉ። አቶ አበጀም ይወርዳሉ፤ ድንጋዩን በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ ደግፈው ከጎማው ጎን ይራመዳሉ። በመስታወት እያየኋቸው ነው የምነዳው።

ስለዚህ ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም። የምለምንዎ ለአንዲት ቅዳሜ ብቻ ወደ ወገዳ ጎራ ብለው፣ ሰው እንደሞላ ዳገቱን ስወጣ ድንጋዩን በእሳቸው ፈንታ እንዲይዙ ነው። ያን ዕለት ሁለተኛዋን ዕቃ በቅናሹ ዋጋ እገዛለሁ።

በቸርነትዎ ብርሃን ያገኘሁ፣ በዚያው ብርሃን ወደ ኋላ የሄድሁ፣ ታማኝ ደንበኛዎ
ደምሌ፣ ከወገዳ

በድጋሚ፦ ዕቃዎን መልሰን ገጥመን ለታኮነት ሞክረናት ነበር፤ ከጎማው ሥር ተፈርክሳ ቀረች። ድንጋዩ ግን ዳገቱ ሥር ቦታው ላይ ነው፤ ሲመጡ በስተግራ ያገኙታል።