ከኋላ የሚቆም ሰው

የካቲት 20
እንደ ወትሮው። ጠዋት ሽሮ አሞቅሁ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከሰዓት ሄርሜላ በታብሌቱ ደወለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ልጄ ኢየሩ ናት ያገኘችልኝ። በሳምንት ሁለቴ በቪዲዮ ዊልቸር መንዳት ታስተምረኛለች። እኔን! ከአሰብ ድረስ ተሳቢ እየጎተትኩ የመጣሁትን ሰውዬ!

የዛሬው ወደ ኋላ መንዳት ነበር። ቁም ሳጥኑን ገጨሁት። "ጎበዝ ጋሽ መዝገቡ፣ ቀስ ብለው" አለች። ምኑ ነው ጎበዝ?

ስትዘጋው ስክሪኑ ላይ የራሴ ፊት ቀረ። ጢሜን መላጨት አለብኝ... ለማን?

የካቲት 23
ኢየሩ መጣች። የሳምንቱን ወጥ ፍሪጅ ውስጥ ደረደረች፤ ከዚያ ያንኑ ወሬ አነሳች። "አባዬ፣ እግርህ ከተቆረጠ ጀምሮ ከዚህ ግቢ ለብቻህ ወጥተህ አታውቅም። እሳት ቢነሳስ?" አለች። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችኝ። እስከ ፋሲካ የግቢውን በር ራሴ ከተሻገርኩ እዚሁ እቀራለሁ። ካልሆነ እሷ ጋ እገባለሁ።

እሷ ጋ ማለት ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው። "አንዴ ተሸክመው ካወጡኝ የምወርደው በሬሳ ሳጥን ነው" አልኳት። አለቀሰች። ምን አናገረኝ?

እዚህስ ማን አለኝ? ባለቤቴ ብርቅነሽ ካረፈች ወዲህ ይሄ ቤት ድምፅ የለውም። ግን ቤቴ ነው። ሰፈሬን ቀጨኔን ከነዳገቱ አውቀዋለሁ።

የካቲት 27
የግቢው በር ደፍ ትምህርት ተጀመረ። ደፉ ብረት ነው፣ ሦስት ጣት ቢሆን ነው ከፍታው። ትንንሾቹን የፊት ጎማዎች በአንድ ግፊት ብድግ አድርጎ ማሳለፍ፣ ጎንበስ ብሎ ትልልቆቹን ማስከተል። በወሬ ቀላል ነው።

"አንድ እግር ስለሌለ ሚዛንዎ ወደ ኋላ ያጋድላል። ከኋላ የሚቆም ሰው ከሌለ እንዳይሞክሩት። ሰው አለ አይደል?"
"አለ" አልኳት።
ማን አለ? እኔም ገረመኝ።

መጋቢት 2
ካፖርቴን መጥረጊያ ላይ ሰቅዬ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ባርኔጣም ደፋሁለት። ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ አይለይም ብዬ። ሄርሜላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።
"ጋሽ መዝገቡ፣ ከኋላዎ የቆሙት ሰውዬ እግር የላቸውም እንዴ?"
"እኔስ መቼ ሞላልኝ?" አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። "እውነት ማንም የለም?" ኔትወርክ እየጠፋ ነው ብዬ ዘጋሁባት። አልጠፋም ነበር።

መጋቢት 5
ግቢ የምትጋራኝን ጎረቤቴን ገበያነሽን ለመንኳት። መለመን እንዴት ይከብዳል... መጣች፣ ከኋላዬ ቆመች። ገና ጎማውን ስነካው ባለ በሌለ ኃይሏ ገፍታ ደፉን አሳለፈችኝ።
"አትግፊኝ አላልኩሽም?"
"ኧረ በመድኃኔዓለም! ሰው ሲታገል ቆሜ ልይ?"

ጮህኩባት። ተቀይማ ገባች። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ባለፈው ለለቅሶ ስወጣ አራት ጎረምሶች እንደ ሲሚንቶ ከረጢት አንስተው አሻገሩኝ። ልሂድ፣ ልቅር፣ ማንም አልጠየቀኝ። አመሰግናለሁ ብዬ እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 11
ማንም አልመጣም። ማንም አልደወለም።

መጋቢት 16
ገበያነሽን ይቅርታ ጠየቅኋት፣ በመስኮቷ በኩል። "ካኮረፍኩ ማን ያናግረኛል ብዬ ነው እንጂ..." እያለች ወጣች።

ሄርሜላ በታብሌቱ አስረዳቻት። ከወንበሩ ጀርባ ማሰሪያ ይታሰራል። ከኋላ ያለው ሰው ልቅ አድርጎ ይይዛል። የሚጎትተው ወንበሩ ሲወድቅ ብቻ ነው። ገበያነሽ መቀነቷን ከወገቧ ፈታች። "ይሄ ይሆናል?"

ሆነ። እጇ ሥራ ሲያገኝ መግፋቱን ተወችው። በሁለተኛው ሙከራ ወደ ኋላ ተገለበጥኩ፤ ሰማይ ታየኝ። መቀነቱ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። "አለሁ! አለሁ!" ትላለች፣ መቀነቱን እጇ ላይ ጠምጥማ። ፈርቼ ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ።

መጋቢት 27
የመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል። ሰፈሩ ነጭ ለብሶ ወጣ፤ ገበያነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠበቅኋት። ታብሌቱን የተደፋ ባልዲ ላይ አቆምነው።

ተሻገርኩ! ሁለቴ በመቀነቱ፣ ከዚያ መቀነቱን ፈትተን ያለ ምንም። ሄርሜላ ታብሌቱ ውስጥ እልል አለች። ቪዲዮውን ለኢየሩ ላክንላት። አይታዋለች። መልስ ግን የለም።

መጋቢት 28
ኢየሩ ደወለች። "አየሁት አባዬ። ጎበዝ። በቃ፣ እዚያው ትሆናለህ።"
"ምነው፣ ደስ አላለሽም?"
"ብሎኛል... ክፍልህን ቀለም አስቀብቼው ነበር። ማታ ስገባ መብራት አብርቶ የሚጠብቀኝ ሰው ይኖራል ብዬ... ተወው በቃ።"

ሸክም የማቀልላት መስሎኝ ነበር። ልጄ ብቻዋን እንደምትገባ፣ ብቻዋን እንደምትበላ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ያሸነፍኩት እሷን ነው እንዴ? እራት አልበላሁም።

ሚያዝያ 2
ብቻዬን ሱቅ ሄጄ የሬዲዮ ባትሪ ገዛሁ። ስመለስ ዳገቱን አንዴም ሳልቆም ወጣሁት። ለማን ልንገር?

ሄርሜላም ትምህርቱ አለቀ ብላ ተሰናበተችኝ። ሌሎች ሽማግሌዎች ይጠብቋታል። "ይደውሉልኝ እሺ?" አለች። እሺ አልኩ። ትደክማለች፣ አልደውልም።

ሚያዝያ 5
ሆሳዕና። ኢየሩ የዘንባባ ቀለበት ጣቷ ላይ አድርጋ መጣች። አንዱን ለእኔ አጠለቀችልኝ። ስለ ክፍሉ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም።

"እስቲ አሳየኝ" አለች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ደፉን ተሻገርኩ። አልነካችኝም። ቁልቁለቱን ወረድን፣ እስከ ሱቁ። ሰው ሰላም አለን።

ስንመለስ ያው ዳገት። እሷ ከጎኔ ትሄዳለች። እጇ የሚያርፍበት አጥቶ አንዴ ቦርሳዋን፣ አንዴ ነጠላዋን ይነካካል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ፍሬኑን ያዝኩ።

"ኢየሩዬ፣ ግፊኝ እስቲ።"

"ደከመህ እንዴ አባዬ?"

"አዎ፣ ደከመኝ" አልኳት።