ስሙ በመቀስ የተቆረጠው ክኒን

ከባታንጋስ፣ ፊሊፒንስ

ልጄ ማሪሴል፣ ድንግል በበረዶው አገር ትጋርድሽ። እኔ ደህና ነኝ። ካናዳ ለፋርማሲስትነት እንደገና እንደምትፈተኚ ብነግራት፣ ባለሱቋ እትዬ ፔሪንግ «ልጅሽ እዚህ ፋርማሲስት አልነበረችም? ካናዳ ክኒን ለመስጠት ጳጳስ መሆን ያስፈልጋል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ዛሬም ሱቋ ውስጥ የክኒን እሽግ በመቀስ እየቆረጠች በፍሬ ትሸጣለች።

አባትሽን ልቡ ገደለው ያልኩሽ ውሸት ነው። ለትኩሳቱ ብዬ ከዚያው ሱቅ ገዝቼ የሰጠሁት ክኒን የሌላ በሽታ ነበር። ግማሽ ስሙን መቀስ ቆርጦታል፤ ሙሉ ቢሆንም ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። የተረፈችው ፍሬ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ማንም ሳይነካት ስትንኳኳ እሰማታለሁ።

በፈተናው በሽተኛና አስታማሚ መስለው የሚቀርቡ ሰዎች አሉ ብለሻል። እባክሽ፣ አስታማሚዋን «እስካሁን ምን ሰጠሽው?» ብለሽ በለዘብታ ጠይቂያት። እኔን ሐኪሙ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

እጅሽን ጌታ ይባርከው፤ ከእጄ የተሻለ ይሁንልሽ።

እናትሽ