ታንኳ ባለፈ ቁጥር የሚነሱት፦ የወይዘሮ አቻላ ኡዶላ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አቻላ ኡዶላ ከአባታቸው ከአቶ ኡዶላ ኛንግ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጋዋ ኡኮክ፣ ከኢታንግ ወረድ ብሎ ባሮ ዳር፣ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ገደማ የተባለው እሳቸው ራሳቸው «ውሃው ማንጎውን የዋጠ ዓመት ነው» ስለሚሉ ነው፤ ውሃው ደግሞ ማንጎውን የማይውጥበት ዓመት የለም።

በልጅነታቸው ሁለት ዓመት ተምረዋል። ክረምት ክረምት ከካርቱም ቡና ሊጭን የሚመጣውን መርከብም ዳር ዳሩን እየሮጡ ይሸኙ ነበር። መርከቡ በ1940ዎቹ መጨረሻ ቀረ። ባሮ ግን መንገዱን አልተወም፤ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ፣ በጋምቤላ አልፎ፣ ደጃቸውን ታክኮ፣ ታች ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ተብሎ ነጭ ዓባይ ይገባል።

በ1951 ዓ.ም. ድሙይ የተባለው ሰማያዊ ዶቃ በጥሎሽ ተቆጥሮላቸው አቶ ኡማን አጋክን አገቡ፤ ኡቶውንና አሪየትን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1970 ዓ.ም. አረፉ። በ1977 ዓ.ም. ኡቶው «እማ፣ የዳሩ በቆሎ ሳይደርስ እመለሳለሁ» ብሎ በታንኳ ቁልቁል ወረደ። በቆሎው ደረሰ፤ እሱ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ውሃው ሸሽቶ ዳሩ በተዘራ ቁጥር አንድ መደብ የኡቶው ነበር። ማንም አይነካውም፤ ወፍ ይበላዋል። ወንዙ ዳሩን ሲንድባቸው ጎጇቸውን ትንሽ ወደ ኋላ እየሳቡ እዚያው ይተክላሉ። ልጃቸው ወይዘሮ አሪየት ከጋምቤላ ከተማ መጥተው «እማ፣ ተነሽ እንሂድ፤ እዚህ ከማን ጋር ታወሪያለሽ?» ሲሏቸው፣ «እሱ መጥቶ በሩ ላይ ሰው ቢያጣ አንቺ መልስ ትሰጪልኛለሽ?» ይሉ ነበር። ማታ ዓሣቸውን ብቻቸውን በልተው ወደ ውሃው ዞረው ይቀመጣሉ፤ ታንኳ ባለፈ ቁጥር ይነሳሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ስለለመዱ ከሩቅ «እኛ ነን እማማ፣ ተቀመጪ!» እያሉ ይጮሁላቸው ነበር።

በዚህ ክረምት ወባ ጸናባቸው። በደጃቸው ቅበሩኝ ሲሉ የባለቤታቸው ወንድም አቶ ኡፒየው ከፍ ያለው ቦታ ይሻላል ብለው ተከራከሩ።

«አንቺ አቻላ፣ ይኼ ወንዝ እኮ ሁለት ክረምት አይታገስሽም። መቃብርሽን ይዞት ይሄዳል!»

«ይውሰደኛ! ልጄ የሄደው በየት ሆነና? ደግሞ ቁልቁል ነው፣ መቅዘፍም የለብኝ።»



ወይዘሮ አቻላ መስከረም 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ፤ እንደ ቃላቸው ዛሬ በደጃቸው፣ ከውሃው ጥቂት እርምጃ ላይ ይቀበራሉ። አንድ ሴት ልጅና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። የኡቶው ስም ከተዋቸው ጋር ይግባ አይግባ ቤተሰቡ ተጨቃጭቋል። እሳቸው ሞተ ብለው ስለማያውቁ፣ ጽሑፉም በልጅ ልጃቸው እጅ ስለሆነ ገብቷል፤ አንድ ወንድ ልጅም ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእጁ ይቀበል። ባሮም የሚወስዳቸው ቀን ቀስ ብሎ ይውሰዳቸው።