«ድኗል» ብለው የፈረሙት ሐኪም

ሟቹ ሐኪምና ተመራማሪ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የአራት ዓመቱ ታናሽ ወንድማቸው በሳንባ ምች ተይዞ አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ልጆች ወደ ክፍሉ ስለማይገቡ እሳቸው ከውጭ ቆመው በመስኮት ያዩት ነበር። ሐኪም ለመሆን የቆረጡት እዚያ መስኮት ሥር እንደሆነ ለጠየቃቸው ጋዜጠኛ ሁሉ ተናግረዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ያው ታናሽ ወንድማቸው ነው።

በትምህርታቸው የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በላይ ራሳቸው ያውቁት ነበር። በ1968 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ። በ1972 ዓ.ም. ፋርማሲስቷን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በ1975 ዓ.ም. ስማቸውን ያስጠራውን ጥናት አወጡ። በሳንባ ምች ተኝተው የወጡ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሕፃናትን ከአንድ ዓመት በኋላ አስጠርተው ደረታቸውን አዳመጡ፣ ራጅ አስነሡ፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ «ድኗል» ብለው ፈረሙ። ድምዳሜው አንድ መስመር ነበር፤ ከበሽታው የተረፈ ሕፃን ምንም ቀሪ ጉዳት የለበትም የሚል። መስመሩ ወደ ሐኪሞች መመሪያ ገባ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ያለ ሁሉ «ምንም የለብህም» እየተባለ ከበር ተመለሰ።

ከተመለሱት አንዱ ወንድማቸው ነው። ፖስታ አዳይ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ዓይኑ ይጨልምበታል። አለቃው የሐኪም ማስረጃ ካመጣ ምድር ቤት ደብዳቤ እንዲለይ ሊመድበው ቃል ገባለት።

«ጋሼ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። አንድ ወረቀት ጻፍልኝ» አላቸው።

«ሳንባህን እኔ አውቀዋለሁ። ያጣኸው ወኔ ነው» አሉት፣ ከመዝገባቸው ቀና እንኳ ሳይሉ።

ወንድማቸው ሥራውን አጣ። በዘመድ አዝማድ ፊት «ሰነፉ» የሚለውን ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። እናታቸው እስኪያርፉ ድረስ በዚሁ ስም ጠሩት።

በ1992 ዓ.ም. አዲስ የትንፋሽ መለኪያ ወደ ክፍላቸው ገባ። የክፍሉ አንጋፋ ነርስ ማንም ሳያዛቸው ከእነዚያ አሁን ካደጉት ሕፃናት መቶ ዘጠና አንዱን አፈላልገው መሣሪያው ላይ አስነፏቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትንፋሻቸው ከእኩዮቻቸው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ውጤቱን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ሰባት ዓመት። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ሁለት ሽልማት ተቀብለዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለው ፎቶግራፍ የአንደኛው ነው። የመረጡት ልጆቻቸው ናቸው እንጂ ጸሐፊው አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. ነርሷ ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው የሐኪሙን ወንድም ይዘው ሐኪሙ ቢሮ ገቡ። «እሱን ያስነፉትና ከዚያ በኋላ ቁልፉን ይዘው ይቀመጡ» አሏቸው። ሦስት ጊዜ ነፋ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይተው መሣሪያው ተበላሽቷል አሉ። ራሳቸው ነፉበት። መሣሪያው ደኅና ነበር። ወንድማቸው በሃምሳ አንድ ዓመቱ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ትንፋሽ ነበረው።

በሳምንቱ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆመው «ጥናቴ ስሕተት ነበር። ስሕተት መሆኑን ሰባት ዓመት እያወቅሁ ዝም ብያለሁ» አሉ። ያጨበጨበ አልነበረም። የክፍል ኃላፊነታቸውን አጡ። የቀረ ዘመናቸውን ከጡረተኛዋ ነርስ ጋር መለኪያውን ተሸክመው ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ «ድኗል» ያሏቸውን ሲያስነፉና ማስረጃ ሲጽፉ አሳለፉ። ብዙዎች በር ዘጉባቸው። አንዲት የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ በመስኮት ብቅ ብላ «አሁን? ልጄን ማቀፍ ካቃተኝ በኋላ?» ስትል ጮኸችባቸው። በማግሥቱም ሄዱ። በስተመጨረሻ መመሪያው ተለወጠ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጸሐፊውም አይክድም። ወንድማቸውን ግን አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቁም። ለጉባኤ የቻሉትን ለአንድ ሰው አልቻሉም።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ኢንፌክሽን ሳንባቸውን ያዘው። በኦክስጅን ላይ ሳሉ ወንድማቸውን አስጠሩት።

«የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው። ሌላ ሰው ያወድሰኛል።»

«ብራራልህስ?»

«አትራራም። አውቅሃለሁ።»

የሚጨምሩት ነገር ነበራቸው፤ ሳል ቀደማቸው። ምን ሊሉ እንደነበር የሚገምቱ ዘመዶች አሉ። ጸሐፊው አይገምትም።

የካቲት 9 ቀን፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ወንድማቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። «ድኗል» ከተባሉት መካከልም ብዙዎች ዛሬ እዚህ ተገኝተዋል፤ መካነ መቃብሩ ዳገት ላይ ነውና አስከሬኑን የምትሸከሙ ቀስ በሉ፣ እነሱም ሊደርሱ ይገባል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእውነት ይመዝን፤ ከመዘነም በኋላ ይማራቸው። ወንድማቸው ምሕረቱ ላይ ገና አልደረሰም።