የኋላው ግድግዳ፦ የወፍጮ ሠራተኛው የአቶ ክንዴ አወቀ ሕይወትና ዕረፍት

ዛሬ በቀብሩ ላይ የሚነበበው ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ትናንት ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ዳንግላ ከተማ በሟቹ መኖሪያ ቤት ነው። የተገኙትም ባለቤታቸው ወይዘሮ እህተማርያም ወገኔ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ሃና ክንዴ፣ ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ ወርቅአየሁ አወቀ፣ የዕድሩ ዳኛ አቶ አድማሴ እና ይህን የጻፈው የወይዘሮ ወርቅአየሁ ልጅ ናቸው። አቶ አድማሴ፣ «ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ተብሎ ይለፍ። ለቅሶ ላይ ሰው አይወቀስም» ብለው መከሩ። ወይዘሮ እህተማርያም ግን፣ «ማንም አይወቀስ። የሆነው ይጻፍ» አሉ። ስለዚህ የሆነው ተጽፏል።

አቶ ክንዴ ከአባታቸው ከአቶ አወቀ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በቀለች ዓለሙ በጥቅምት ወር 1963 ዓ.ም. በጥሊሊ አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ገብረ ማርያም ነው። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ሲሆን፣ አማርኛ የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ጥሊሊ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው እናታቸውንና እኅታቸውን መርዳት ጀመሩ።

በ1981 ዓ.ም. ወደ ዳንግላ መጥተው በጋሪ ነጂነት ተቀጠሩ። ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ከወፍጮ ቤት ወደየሰዉ ቤት እህልና ዱቄት ያመላልሱ ነበር። የሚነዱት ፈረስ ታሞ ሲሞት፣ እህል ሲያራግፉ ያዩአቸው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ደረሰ በ1986 ዓ.ም. ቀጠሩአቸው። አቶ ክንዴ ይህን ሲያወሩ፣ «ፈረሱ ብልጥ ነበር፤ ከዱቄቱ ቀድሞ ተገላገለ» እያሉ ይስቁ ነበር። በዚያ ወፍጮ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተዋል።

ከወይዘሮ እህተማርያም ጋር በ1988 ዓ.ም. በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ሁለት ልጆች፣ ሃናንና ይኸነውን፣ ወልደዋል። ልጆቻቸው ሲያስታውሱአቸው፣ አባታቸው ማታ ቤት ከመግባታቸው በፊት ደጅ ቆመው ጋቢያቸውን ያራግፉ ነበር፤ የአጥሩ ሥር ክረምት ከበጋ ነጭ ነበር።

በሥራቸው የተመሰገኑ ነበሩ። ዱቄቱን በሁለት ጣት አሽተው ልመቱን ያውቃሉ። የአንዱን ጤፍ ከሌላው አይቀላቅሉም። ከገጠር የሚመጡ እናቶችን በአዊኛ እያጫወቱ ተራቸውን ያስጠብቁላቸዋል። በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ሌላው ሠራተኛ ሲሸሽ እርሳቸው ከወፍጮው አፍ አይርቁም። ይህ ሁሉ ሲሆን የወፍጮ ቤቱ በር ይዘጋ ነበር። መስኮት የለውም። በሩ የሚዘጋው ነፋስ ገብቶ ዱቄት እንዳይወስድ ነው። ደንበኛው የሚፈልገው እንደዚያ ነው። ዱቄቱ ከእህሉ አንሶ ከተመዘነ የሚጠየቀው ወፍጮ ሠራተኛው ነው።

በ2011 ዓ.ም. በእንጅባራ ከተማ ለወፍጮ ቤት፣ ለእንጨት ሥራና ለብየዳ ሠራተኞች፣ ስለ ቤት ውስጥ አየርና በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጉዳት በየጊዜው የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት ተጀመረ። አቶ ደረሰ ሊልኩ ያሰቡት ወፍጮ ቤት ገብቶ የማያውቀውን አማቻቸውን ነበር፤ አበል ስላለው። አማችየው ሰርግ ስለነበረበት አቶ ክንዴ ተላኩ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ያ ሰርግ ባይኖር ኖሮ ምን ይሻል እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም። ባያውቁት ኖሮ ዝም ብለው ይሞቱ ነበር። አውቀውት ግን እያወቁ ሞቱ።

ትምህርቱን የሰጡት ወይዘሪት ናርዶስ የሚባሉ ባለሙያ ነበሩ። በዓይን የማይታየው ብናኝ ከሚታየው የበለጠ እንደሚጎዳ፣ ለሆድ ምግብ የሆነው ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደማይወጣ፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ዋናው መፍትሔ ብናኙን ከሚነሣበት ቦታ ስቦ ወደ ውጭ ማስወጣት እንደሆነ አስረዱ። የእንጅባራ ብርድ ስላስቸገረ የአዳራሹ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ነበር። አቶ ክንዴ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው አንዱን መስኮት ከፈቱ። ከኋላ የተቀመጡት፣ «ጋሼ፣ ብርዱን አስገቡብን እኮ!» ብለው ጮኹ። ወይዘሪት ናርዶስም፣ «ተዉአቸው፤ ዛሬ የተማሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው» ብለው አሳቁ። መስኮቱ ግን ከሻይ በኋላ ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ክንዴ አፍንጫቸውን በነጠላ ቁራጭ ሳይሸፍኑ አልሠሩም። ደንበኛው ሽፍታው የሚል ስም አወጣላቸው። «ሽፍታው፣ ዛሬ ማንን ልትዘርፍ ነው?» ሲሏቸው፣ «ሽፍታስ ጫካ አለው፤ ንጹሕ አየር ይተነፍሳል» ይሉ ነበር። ስለ ተማሩት ነገር ለወፍጮ ቤቱ መዛኝ ለወይዘሮ የሻረግ፣ ተራ ለሚጠብቁ ሴቶች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ፣ ለአማርኛው ሰው በአማርኛ፣ ለአገዎቹ በአዊኛ ያስረዱ ነበር። ብዙ ሰው ሰምቷቸዋል።

አቶ ደረሰን ስለ ለመኑ በ2012 ዓ.ም. የኋላው ግድግዳ ተቀደደና አየር ስቦ የሚያስወጣ ማራገቢያ ገባ። የወፍጮ ቤቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየ። ወይዘሮ የሻረግ፣ «ለካ ጣሪያው ሰማያዊ ነው!» ብለው እንደ ተገረሙ ራሳቸው ይናገራሉ። አቶ ክንዴ በዚያ ሰሞን ቤት ሲገቡ ጋቢያቸውን አላራገፉም።

ማራገቢያው የሳበው ብናኝ ግን በውጭ በኩል ያለውን ግድግዳ አነጣው። ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። «ይኸ የማን ጤፍ ነው እዚህ የተለጠፈው?» የሚል ጥያቄ መጣ። አንዷ እናት፣ «ክንዴ፣ አሁን ደግሞ ለነፋሱም ድርሻ ትሰጣለህ?» አሉ። አቶ ክንዴ፣ «እቴዋ፣ ይኸ ድሮም ይጎድል ነበር። የሚሄደው እኔ ሳንባ ውስጥ ስለነበር ነው ያላያችሁት» ብለው መለሱ። አንድ ጎልማሳ ከተራው ውስጥ፣ «እንዲያማ ከሆነ አንተ ምሳ አያሻህም» አለ። ሁሉም ሳቀ። እርሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ሳል ያዛቸው።

ከዚያ በኋላ ደንበኛው እህሉን እየጫነ ወደ ሌላው ወፍጮ ቤት መሄድ ጀመረ። እዚያ በሩም ግድግዳውም ድፍን ነው። አቶ ደረሰ ጥቂት ታገሡ። ከዚያም፣ «ክንዴ ወንድሜ፣ ሰው ከሚሸሸኝ ነፋሱ ይቅርብኝ» አሉና ቀዳዳውን በቆርቆሮና በጭቃ አስደፈኑት። ደንበኛው ተመለሰ። ዛሬ እዚህ ቆመን ከምንሰማው ውስጥ ብዙዎቻችን የዚያ ወፍጮ ቤት ደንበኞች ነን። ይህን የጻፈው የወይዘሮ ወርቅአየሁ ልጅ ቤተሰብም በዚያን ጊዜ እህሉን ወደ ሌላው ወፍጮ ቤት ወስዷል።

በ2013 ዓ.ም. ሳሉ በረታ። መጀመሪያ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒቱን ወራት ሙሉ ዋጡ። ጎረቤት ዕቃ መዋዋስ አቆመ። ነቀርሳ እንዳልሆነ ከታወቀ በኋላም አንዳንዱ ሰው ሲያልፍ አፉን ይሸፍን ነበር። በነጠላቸው ያሾፍ የነበረው ሰው ነው።

አቶ ክንዴ በዚህ መካከል ወደ እንጅባራ በሚኒባስ እየተመላለሱ፣ የወፍጮ ቤቱ አየር በመሣሪያ ይለካ ብለው ማመልከት ያዙ። አየሩ መጥፎ መሆኑ በመንግሥት ሰው ከተረጋገጠ፣ ሁሉም ወፍጮ ቤት ግድግዳውን እንዲከፍት ይታዘዛል፣ ያን ጊዜ ደንበኛው የሚሸሽበት አይኖረውም የሚል ተስፋ ነበራቸው። ብዙ ከተመላለሱ በኋላ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. እንመጣለን ተባሉ።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ወፍጮ ቤቱ በጧት ተጠረገ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አይደለም፤ አቶ ክንዴ ራሳቸው ከወይዘሮ የሻረግ ጋር ሆነው ነው። የመንግሥት እንግዳ በአቧራ መቀበል ነውር ነውና ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉ፤ ወለሉን ውኃ አርከፈከፉ፤ ከወንዙ ዳር የታጨደ ለምለም ሣር ጎዘጎዙ። አቶ ደረሰ ለስላሳ አስመጡ። ደንበኛው ከሰዓት በኋላ እንዲመጣ ተነገረው። ወፍጮው ቆመ።

ወይዘሪት ናርዶስ ከአንድ የሥራ ኃላፊና ከሾፌር ጋር መጡ። መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው አበሩት። ቁጥሩ ዝቅተኛ ነበር። ዞር ብለው አዩና፣ «ወፍጮው ለምን አይሠራም?» አሉ። አቶ ደረሰ፣ «እናንተን አክብረን ነዋ! እንዴት እንግዳ ፊት ይጮሃል?» ብለው መለሱ። «እህል አስገቡና አስነሡት» ተባለ። በቤቱ ውስጥ አንድ ቁና እህል አልነበረም፤ ለንጽሕና ተብሎ ሁሉም ወጥቷል። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ።

ያን ጊዜ አቶ ክንዴ ምን እንዳደረጉ የገባቸው ይመስላል። ወደ መንገድ ወጥተው ሮጡ። ገብስ ጭና የምትመጣ ጋሪ አገኙ፤ ባለቤቷን ለምነው ጆንያውን በትከሻቸው ተሸክመው ተመለሱ። ሲደርሱ መኪናው ሄዷል። ጆንያውን ሣሩ ላይ ጥለው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ሳሉ። ባለ ገብሷ ከኋላቸው ደርሳ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ካመጡት አይቀር ይፍጩልኝ» አለቻቸው። ተነሡ፣ በሩን ዘጉ፣ ፈጩላት።

በማግስቱ ወይዘሪት ናርዶስ ስልክ ደውለው፣ «ጋሼ ክንዴ፣ እኔ የመጣሁት ለእርስዎ ሳንባ ነበር። ለእኔ ክብር ብለው ደበቁት» አሏቸው። ተመልሰው እንደሚመጡም ቃል ገቡ። ነገር ግን ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ ከዚያም መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ ለመለካት የመጣ ሰው የለም። የወፍጮ ቤቱ አየር ችግር የለበትም የሚለው ውጤት ብቻ ከእንጅባራ መጣ። አቶ ደረሰ በመስታወት አድርገው አቶ ክንዴ ከትምህርቱ ባገኙት የምስክር ወረቀት አጠገብ ሰቀሉት። ተከታታዩ ትምህርት ግን በየዓመቱ ይሰጣል። አቶ ክንዴ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ተካፍለዋል፤ በመጨረሻው ጊዜ ደረጃውን ለመውጣት ሰው ደግፏቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር የመረመሩአቸው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቁት ሥራቸውን ነበር። ሲነግሩአቸውም ሳንባቸው በዱቄት ብናኝ እንደ ተጎዳ፣ መድኃኒቱ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር እንደማያድን፣ ወፍጮ ቤት ዳግም እንዳይገቡ ነገሩአቸው። አቶ ክንዴ ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ሠሩ። ጆንያ ማንሣት ሲያቅታቸው በቤታቸው ዋሉ። አቶ ደረሰ ለሕክምናው አግዘዋል፣ እየመጡም ጠይቀዋል፤ ይህም የሆነ ስለሆነ ተጽፏል። አቶ ደረሰ በመጡ ቁጥር አቶ ክንዴ የሚጠይቋቸው አንድ ነገር ነበር። «ደረሰ፣ ግድግዳውን ከፈትከው?» ይሏቸዋል። እርሳቸውም፣ «አንተ ብቻ ይሻልህ እንጂ እንከፍተዋለን» ይሉ ነበር።

አቶ ክንዴ አወቀ በባለቤታቸው ክንድ ላይ እንደ ተደገፉ፣ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ዛሬ ኅዳር 18 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል። ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ እኅታቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል። ሐዘናችንን ለመካፈል ከጥሊሊ፣ ከእንጅባራና ከገጠር የመጣችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። የገብረ ማርያምን ነፍስ ትንፋሽ በማያጥርበት፣ ሳል በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን።

ለሐዘንተኛው የሚሆነው ጤፍ ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚያው ወፍጮ ቤት ተፈጭቷል። አባቱ በቤት ከዋሉ ጀምሮ በቦታቸው ገብቶ ወፍጮውን የሚያሠራው ልጃቸው ይኸነው ብቻ ስለሆነ፣ ከለቅሶው ተነሥቶ ሄዶ የፈጨው እርሱ ነው። በሩ ተዘግቶ ነበር።