የጋሽ መንገሻ ዱቄት

ሰኞ

ሦስተኛው ነጠብጣብ ከየት መጣ? ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ይኼ ብቻ ነው። የባህል ሐኪሙን የጋሽ መንገሻን ቅጠል ራሴ ከጓሯቸው ቆርጬ፣ ራሴ አድርቄ፣ ራሴ ፈጨሁት። ላብራቶሪ ውስጥ ንጥረ ነገሮቹን በሚለያየው ሳህን ላይ ሳስወጣው ሁለት ነጠብጣብ አሳየኝ፤ አንዱ ነጠብጣብ አንድ ንጥረ ነገር ማለት ነው። እሳቸው ፈጭተው ለእማዬ የሚሰጧት ዱቄት ግን ሦስት አለው። ሳህኑ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ በአዲስ ደገምኩት። ያው ሦስት።

አለቃዬ ዶክተር ሰሚራ ሁለቱን ሳህኖች አስጠግታ አየቻቸው። ነገ ከክኒኖች ጋር አወዳድሪው አለችኝ። ተናደድኩባት። ክኒን እዚህ ምን ይሠራል? ዱቄቱን ወደ ላብራቶሪ ያመጣሁት እኮ እኔ ነኝ። እማዬ ጉልበቷ አብጦ ከአልጋ መውረድ አቅቷት ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን በዚህ ዱቄት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ፊቷም ሞላ ብሏል። የሰፈራችን የሳንሱሲ ጎረቤት ሁሉ ወፈርሽ፣ አማረብሽ ይላታል። እኔም ብያታለሁ። በካፕሱል አዘጋጅተን እናወጣዋለን ብዬ ስንቱን አልሜያለሁ።

ማክሰኞ

ፕሬድኒሶሎን ነው።

ሦስተኛው ነጠብጣብ ከፕሬድኒሶሎን ክኒን ነጠብጣብ ጋር እኩል ወጣ። ሰሚራ በትልቁ ማሽንም አየችው፣ ልዩነት የለውም። ፕሬድኒሶሎን የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ እብጠት ያጠፋል፣ ሕመም ያስረሳል፣ ያለ ሐኪም ሲወሰድ ግን ጉዳቱ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ካቆመ ሰውነቱ የራሱን ማምረት ትቷልና ይከዳዋል። ፊትንም ይሞላል። ይህንን ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። የገዛ እናቴ ፊት ላይ ሳየው ግን ጤና መሰለኝ። ወይ ጉድ።

ከሥራ በቀጥታ አየር ጤና ሰፈር ሄድኩ። ጋሽ መንገሻ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው ክፍላቸው ተቀምጠው ዱቄት በወረቀት ይጠቀልላሉ። ይክዱኛል ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። አልካዱም። ያደነዘዘኝ እሱ ነው።

«ክኒን ነው ብላት ትውጥልኝ ነበር?» አሉኝ። «እናትሽ የጤና ጣቢያውን ክኒን ጥላ አይደል እኔ ጋ የመጣችው?»

እውነታቸውን ነው፣ ጥላው ነው የሄደችው። ክኒን ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ቅጠል ግን የእግዜር ነው ትላለች። ቅጠላቸው ብቻውን ሲሆን ቶሎ አልሠራ ብሎ ሰው እየተዋቸው ሄዶ እንደነበር ነገሩኝ። ክኒን ፈጭተው ከቀላቀሉበት ወዲህ ግን ሰው ይመርቃቸዋል። ክኒኑን ከየት እንደሚያመጡት አልነገሩኝም። ስንት ሰው ይወስደዋል ስላቸው በአገጫቸው ወደ ደጅ አሳዩኝ። ወረፋው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። «ለእኔ ሳይነግሩኝ?» አለችና ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች።

ረቡዕ

ፈቃድ ወስጄ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ዱቄቱን ትታ ትክክለኛውን ክኒን እንድትወስድ፣ እሱም ቀስ በቀስ እንዲቀነስላት አዘዘ። በአንዴ እንዳታቆሚው ብሎ ደጋግሞ ነገራት። እሺ ዶክተር፣ እሺ የኔ ልጅ አለችው። እንዲህ ስትለሳለስ አይቻት አላውቅም።

ከሰዓት ሰሚራ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረች። የጋሽ መንገሻ ቤት ዛሬ ቢታሸግ ያ ሁሉ ወረፋ ነገ መድኃኒቱን በድንገት ያቆማል አልኳት። እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። እስከዚያች ደቂቃ ሁለታችንም አላሰብነውም ነበር።

ሐሙስ

እማዬ ደከመኝ አለች። ምግብ አስጠልቷታል። ክኒኑን ወሰድሽ? ወስጃለሁ። ማለዳ ከቤት ወጥታ እንደነበር ጫማዋ ይናገራል፣ ጭቃ ነክቶታል። ቅዳሴ ነው አለችኝ። የመታለሏ ሐዘን ነው የሰበራት ብዬ ተውኳት። የመድኃኒት ሰው ነኝ እኮ፣ ሌላ ነገር ቢሆን አውቀው ነበር።

ዓርብ

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደወሉ። እማዬ ፀበል ቦታ ወድቃለች። ከትናንት ማለዳ ጀምሮ ወደዚያ የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። ፀበል የገባ ሰው መድኃኒት አይቀላቅልም ብላ ክኒኑን አንድም ቀን አልነካችውም፣ ትራሷ ስር ነው ያለው። ቄሱ እንኳ መድኃኒታችሁን አትተዉ እያሉ ነው የሚያጠምቁት። ማን ይሰማል።

ፀበሉ ጋ ደረስኩና አንስተናት ላዳ ታክሲ ይዘን ወደ ሆስፒታል ወጣን። ጦር ኃይሎች ጋ መንገዱ ጭራሽ ተዘጋ። እማዬ ታስመልሳለች፣ እጇ በረዶ ሆኗል፣ ስጠራት አትመልስም። ምንም ያላደረገኝን ሹፌር ሰደብኩት። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ደም ግፊቷ ወርዶ ሊጠፋ ነው። ፕሬድኒሶሎን ትወስድ ነበር፣ አቋርጣለች አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ነርሷ መርፌ ልታመጣ ሮጠች።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሰኞ ያን ሳህን ባላየው ኖሮ ምን ብዬ እነግራቸው ነበር? ቅጠል ትወስዳለች? ባልነግራት ደግሞ አታቆምም ነበር።

ቅዳሜ

ነቅታለች። ተመስገን። ተመስገን።

ሰሚራ ጠዋት ደውላ ነበር። የጋሽ መንገሻ ታካሚዎች ቤቱ ከመታሸጉ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላኩ ሪፖርቱ ላይ ጨምራለች። ይሰሟት ይሆን? እንጃ።

እማዬ ውኃ ጠጣች። ከዚያ ጣሪያውን እያየች «መዳኔም ውሸት ነበር?» አለችኝ። ከሰኞ ጀምሮ ከሰማሁት ሁሉ ይኼ ጎዳኝ። አይደለም እማዬ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል፣ በደሉ ከአንቺ መደበቁ ነው አልኳት። መድኃኒቱ ሲቀነስ የጉልበቷ ሕመም ይመለስባት እንደሆነ ጠየቀችኝ። መዋሸት አማረኝ። ሊመለስ ይችላል አልኳት።

ወደ ግድግዳው ዞረች። ጨርሳ ተቀየመችኝ ብዬ መነሳት ስጀምር እጇን ዘረጋችልኝ። ክኒኑን መዳፏ ላይ አኖርኩት። ዋጠችው። ከዚያ ምንም ሳልላት አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አንስታ ከሥሩ ምንም እንዳልደበቀች አሳየችኝ።

እዚያው አልጋዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።