ጀልባው መጣ ወይ

ጋምቤላ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመቅደላዊት
ደብረ ማርቆስ

ልጄ መቅደሴ፣ ይህ ወረቀት በደኅና ያግኝሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ባሮ ዘንድሮም ሞልቷል። ማንጎው ሥር መጥቶ ቆሟል። እኛ ቤት ገና አልደረሰም፤ አትስጊ።

ስለ ስብሰባው በስልክ ስትጠይቂኝ ዝም ያልኩሽ ስለምትቆጪኝ ነው። አንቺ ስትቆጪ እኔ ቃል ይጠፋኛል። ወረቀት አይቆጣም። ሲደክመኝ አቆማለሁ፣ ሲሻለኝ እቀጥላለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ግን አትደውይልኝ።

«ኮሌጁ ከሰፈሩ ይውጣ፤ ድምፅ ስጪና አዘጊው፤ ወንድሜን የገደለው እሱ ነው» ብለሽኝ ነበር። እኔም ወደ ስብሰባው የሄድኩት እንደዚያ አስቤ ነው። የሆነውን ልንገርሽ።

ነገሩ የተጀመረው አንቺ ከዚህ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ ከሥሩ ልነሣ። ድሮ የኮሌጁ ተማሪዎች በዓመት አንድ ቀን ቲሸርት ለብሰው ይመጡና ችግኝ ተክለው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ችግኙን ፍየል ይበላዋል። ወንድምሽ አብኔር ለተማሪዎች ኅብረት ሲመረጥ በዚህ ይስቅ ነበር። «እማ፣ እስካሁን በኮሌጃችን የተጠቀሙት ፍየሎች ናቸው» ይለኛል። ስቆ ግን አልተወውም። መምህራኑን ሲለምን፣ ሲጨቃጨቅ ከርሞ ደንቡን አስቀየረ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍል መግባት ቀረና ለየተማሪው የወንዝ ዳር ቤቶች ተመደቡለት። ተማሪው ቤቶቹን ይጠይቃል፣ ችግራቸውን ይሰማል፣ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ከባለቤቶቹ ጋር ቆሞ ይናገራል። ማርክም ይያዝበታል። መምህሩ እድገት ሲጠይቅ ይህ ሥራው ይታይለታል። ከሰፈሩም አንድ ሰው በኮሌጁ ጉባኤ ወንበር አገኘ፤ ለማጨብጨብ ሳይሆን ድምፅ ለመስጠት።

ለአብኔር ከደረሱት ቤቶች አንዱ የእማማ አንጀሊና ነው። ታውቂያቸዋለሽ፣ ዓሣ የሚያደርቁት አኙዋክ አሮጊት። ሰፈሩ በእሱ አፍ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ውሃ ሲሞላ ሰው የሚወጣበት ጀልባ። ቀበሌው «በጀት ሲመጣ» አለ። ኮሌጁ «የእኛ ሥራ መስማት ነው» አለ። ውሃው ሁለቱንም አልጠበቀም። ዓምና በዚህ ወር አብኔር እማማ አንጀሊናን ሊያወጣ በታንኳ ገባ። ታንኳዋ ተገለበጠች። እሳቸው የማንጎ ቅርንጫፍ ይዘው ተረፉ። እሱን ባሮ እስከ ዛሬ አልመለሰልንም።

አንቺ የማታውቂው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

አስከሬን ስላልተገኘ የሞት ማስረጃ አልተሰጠንም፤ ማስረጃ ስለሌለ ስሙ በኮሌጁ አልተሰረዘም። የሐሙሱን ሥራ የሚመራው መምህር ዘንድሮ የመጣ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ማንጎው ሥር ቆሞ የተሰጠውን ስም ሁሉ ይጠራል። የአብኔርን መጀመሪያ የጠራ ዕለት «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ተማሪ ለቀረ ጓደኛው «አለሁ» ማለቱ የተለመደ ስለሆነ መምህሩ ምልክት አድርጎ አለፈ። ተማሪዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው «አለሁ» ያለው ሰው ጠፋ። ድምፁ የመጣው ከጀርባቸው፣ ከውሃው በኩል ነበር።

ይህን የነገረችኝ ኛሙት ናት፤ ከማታር ከተማ መጥታ ከአብኔር ጋር ትማር የነበረችው። መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ ያልኩት ብዬ ልዋሽሽ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ዋሺኝ እንጂ።»

«አልችልበትም። ስዋሽ እስቃለሁ።»

አልሳቀችም።

በማግሥቱ እማማ አንጀሊና ጋ ሄድኩ። ዓሣቸውን እያገላበጡ ነበር።

«የአብኔር እናት፣ ልጅሽ ትናንት መጣ» አሉኝ፣ ጎረቤት መጣ እንደሚባለው።

«ምን አለ?»

«እሱ ምን ይላል። ጀልባው መጣ ወይ ይላል። አልመጣም እላለሁ። እሺ ይላል፣ ይሄዳል። ቁጭ በል እላለሁ፣ አይቀመጥም።»

ወለላቸውን አየሁት። ከበሩ እስከ ምድጃው የወንዝ ጭቃ በእግር ቅርጽ ደርቋል፤ ጣቶቹ ይታያሉ። ከወንዝ ሲመለሱ የረገጡት ራሳቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ግን እሳቸው የላስቲክ ጫማቸውን አያወልቁም። እግሩም የሳቸውን እጥፍ ያህላል።

«እኔን ለምን አይጠይቀኝም?» አልኳቸው።

«አንቺ ጀልባ አልጠየቅሽ። አንቺ ልጅ ነው የምትጠይቂ» አሉኝ። አንድ ዓሣ ገልብጠው ደግሞ፣ «ጀልባ የመጣ ቀን እሱ አይመጣም። ሥራው ያልቃል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከተማሪዎቹ ራቅ ብዬ እቆም ጀመር። ሰምቼዋለሁ፣ መቅደሴ። ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ይመስላል። ስለዚህ ሌላ አልጽፍም።

ሰፈሩ በጉባኤው እንድቀመጥለት የመረጠኝ በዚያው ሰሞን ነው። ስብሰባው ሐምሌ ላይ ተጠራ። ዲኑ አቶ በሪሁን አጠገቤ መጥተው ዝቅ ብለው ሰላም አሉኝ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የሐሙሱን ሥራ የምንዘጋው ለእርስዎም ኀዘን ብለን ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ወላጆች ፈርተዋል፣ እሳቸውም ፈርተዋል። «በምትኩ ችግኝ ተከላውን እናጠናክራለን» ሲሉ ኛሙት በተማሪዎች ወንበር ሆና «ፍየሎቹ እግዜር ይስጥልን ይላሉ» አለች። ሰው ሳቀ፤ እኔን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

ጸሐፊዋ የመጡትን ለመመዝገብ ስም ስትጠራ የዓምናውን ዝርዝር ይዛ ኖሮ፣ «አብኔር ወንዳፈረው» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

«አለሁ» ተባለ።

ሁሉም ዞሮ ያየው እኔን ነው። አቶ በሪሁን «የእናት አንጀት» ብለው አቀረቀሩ። እንግዲህ ያልኩት እኔ ነኝ ይላሉ፤ ይሁን። እኔ የማውቀው ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እንደነበር ነው። የወንበሬ ሥር ሲሚንቶው ረጥቦ ነበር። ክረምት ነው፣ ጣሪያው ያፈስ ይሆናል።

እንዲዘጋ ድምፅ ብሰጥ ማንም ስሙን አይጠራውም። እንዳለ ይቀጥል ብል በየሐሙሱ እሰማዋለሁ፤ የሌላዋ እናት ልጅም በታንኳ ይገባል። ጀልባውን ብጠይቅ ደግሞ እማማ አንጀሊና «እሱ አይመጣም» ያሉትን አልረሳሁም። ከዚያ ተነሣሁ።

«አይዘጋ» አልኩ። «ሥራችን መስማት ነው የምትሉት ግን ይቅር። ሰፈሩ የጠየቀውን ኮሌጁ ከቀበሌው ጋር ሆኖ እስኪፈጸም ይያዘው። ያልተፈጸመ ነገር ካለ ልጆቹን አትላኩ፤ ዲኑ ራሳቸው ማንጎው ሥር ቆመው ለሰዉ ይንገሩ። ተማሪ በታንኳ ውሃ አይግባ። ጀልባው ይምጣ።»

«ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ጀልባ መግዛት የኮሌጅ ሥራ ነው?» አሉ አቶ በሪሁን።

«ልጄስ የኮሌጅ ሥራ ነበር?»

መጀመሪያ እጁን ያወጣው አዲሱ መምህር ነው፤ ከዚያ ኛሙት፣ ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ አቶ በሪሁንም አወጡ።

ጀልባው ማክሰኞ ደረሰ። ሰማያዊ ነው፣ ሞተር አለው፣ የመንሳፈፊያ ጃኬትም አብሮ መጥቷል። ማንጎው ላይ አሰሩት። ከትናንት በስቲያ ሐሙስ መምህሩ ስም ጠራ። የአብኔር ሲደርስ ሁላችንም ወደ ውሃው ዞርን። ደግሞ ጠራው። ባሮ ዝም ብሎ ይሄዳል። ኛሙት ልትመልስለት አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩት። እማማ አንጀሊና በደስታ ዓሣ ጠበሱልን። እኔም በላሁ። ወለላቸው ደርቋል።

አንቺ ጋ ነይ ያልሽኝን አስባለሁ። ቦታውን ወሰደች ብለሽ በኛሙት አትዘኚ፤ የእሱን ቤቶች አሁን እሷ ይዛቸዋለች። ለጊዜው ግን አልመጣም፤ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ መዋል አለብኝ፤ ገመዱ እንዳይላላ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ትናንት ጠዋት ብቻዬን ሄጄ አየሁት። አሮጌ ገመድ ነው። ውሃው ጀልባውን ይስበዋል፤ ብፈታው ማንም አያውቅም ነበር። ቋጠሮውን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

ከዚያ ደግሜ አሰርኩት፣ ልጄ። አጥብቄ አሰርኩት።

እመብርሃን በወጣሽበት በገባሽበት ትከተልሽ። ዕድሜሽን ከእኔ ዕድሜ አስረዝማ ትስጥሽ። ወንዝ ስትሻገሪ በድልድይ ተሻገሪ።

እናትሽ ጥሩነሽ